የቀለም አያት፣ የእርሳስ አያት

ኦቦ ዋቅጋሪ ማረፋቸውን መጀመሪያ የነገረኝ ቡና ሊጭን ከነቀምት ጊምቢ የመጣ ሹፌር ነው። አላለቀስኩም። «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ከተማው ሁሉ ያወራዋል እኮ» አለኝ። «ከተማው ሁሉ ምስክር አይሆንም» ብዬው ወደ ክፍሌ ገባሁና ማስተማሬን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት የሚሠራው ጎረቤቴ ያንኑ ነገረኝ። ሁለት ሆኑ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ከነቀምት አውቶቡስ የወረደች የድሮ ተማሪዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ደጄ ስትመጣ አየኋት። ሦስት። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሦስት ምስክር ሳይሞላ ማመን ነውር እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሞታቸውንም የተቀበልኩት በራሳቸው ደንብ ነው።

ኦቦ ዋቅጋሪ ነቀምት ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከሾላው ሥር የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ጠበቃ የሌለው ሁሉ እሳቸው ፊት ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ብሶቱን በኦሮምኛ ይዘረግፋል፤ እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ባማርኛ ይጽፉለታል። ረጅም ናቸው፤ ኮታቸው ደግሞ አጭር ነው፤ እጃቸው ከእጅጌው ወጥቶ አንድ ስንዝር ይተርፋል። ጽፈው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ባለጉዳዩ የራሱን በደል ሲሰማ እንደ አዲስ ያለቅሳል።

ይህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማንም ሳይልካቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ደብተር በብብታቸው ይዘው የሙታንን ስም ፍለጋ ይወጣሉ። በየቤቱ ገብተው «አባትህን ማን ወለደው? እሱንስ? ሚስቱ ማን ነበረች?» ይላሉ። ወንዶቹ አባቶቻቸውን እንደ ውኃ ያንቆረቁሩና ሚስት ሲጠየቁ ራሳቸውን ያካሉ። ያን ጊዜ ኦቦ ዋቅጋሪ ወደ ጓዳ ዞር ብለው፣ «እስኪ እናቶችን ጥሩልኝ፤ ይህ ሰው ያለ እናት የተወለደ መሰለኝ» ይላሉ።

የሚያውቁት የአጻጻፍ ስልት የፍርድ ቤቱ ብቻ ስለነበረ ትውልዱንም እንደ አቤቱታ ነበር የሚጽፉት። «አመልካች፦ ነጋሳ። የአመልካች አባት፦ ኩምሳ። የኩምሳ ሚስት፦ ዲንቂቱ። ጉዳዩ፦ እንዳይረሱ ስለመለመን።» ከሥር ምስክሮች፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው ይዘረዘራሉ። ገበያ ላይ «ሰውዬው ሙታንን ከሰሰ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ዋናው ነገር ግን ምስክሩ ነው። ሦስት ሰው የመሰከረለት ስም በቀለም ይጻፋል። ሦስት ያልሞላለት በእርሳስ ይጻፋል፣ ምስክር እስኪገኝ ይጠብቃል። ሄዶ ሄዶ ቆጠራው ሲያልቅ ደግሞ ከመጨረሻው ስም በላይ «ከዚህ በላይ ምስክር የለም» ብለው መስመር ያሰምራሉ። ስለ ሟቹ «ደግ ሰው ነበር» ብሎ ማስጻፍ ለሚፈልግም ሕጉ ያው ነው፤ ሦስት ሰው፣ ያውም ዘመድ ያልሆነ።

ኡኬ ላይ አንድ ገበሬ «አባቴ ደግ ነበር፣ ይጻፍልኝ» አለ። ሁለት ምስክር አገኘ። ሦስተኛው ጎረቤቱ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ በድንበር ነገር ተኳርፈው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ገበሬው ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ በአምላክ ስም ማለ። ኦቦ ዋቅጋሪ «እርሳስም ቢሆን መልካም ነው» ብለው ደብተራቸውን አጥፈው መጡ። ከሁለት ወር በኋላ ሰውየው ጎረቤቱን ክንዱን ይዞ ከሾላው ሥር ከች አለ። ድንበሩን ተካፍለው ታርቀዋል። ጎረቤቱ «ደግ ነበሩ፣ እኔ ነኝ ልጁን የጠላሁት» ብሎ መሰከረ፤ በቀለም ተጻፈ። የዚያን ቀን ኦቦ ዋቅጋሪ ሌላ ሥራ አልሠሩም፤ እንዲሁ ሲስቁ ዋሉ።

እኔ ያኔ ነቀምት አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ በንግድ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ነቀምት ነው። ኦቦ ዋቅጋሪ አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጥተው ተማሪ ጽፎ ያልጨረሰው ደብተር ካለ ብለው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አመስግነው ይሄዳሉ ስል በርጩማ ስበው ተቀመጡና «አባትሽን ማን ወለደው?» አሉኝ። አባቴ ሰባት ቤት በአለንጋ ነው ያስጠናኝ፤ ባንድ ትንፋሽ ወረድኩት።

«ምስክር?» አሉኝ።

«አባቴ ነው የነገረኝ።»

«አንድ» አሉና ሌላ ጠበቁ።

ዘመዶቼ ሁሉ አባይ ማዶ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ነቀምት ሁሉ የሚያውቀው አባቴ፣ በቀለም ሆነ፤ ስድስቱን በእርሳስ ጻፉብኝ። ሳምንት ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሾላው ሄድኩና «ብቻዎን የሚጨርሱት ሥራ አይደለም፣ የእጅ ጽሕፈቴም ከእርስዎ ይሻላል» አልኳቸው። «ኤዬ፣ ባርሲፍቱ፣ ጽሕፈትሽስ ያምራል» አሉኝ። ኤዬ አዎ፣ ባርሲፍቱ መምህርቷ ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። በየቅዳሜው አብሬያቸው መውጣት ጀመርኩ። ቤታቸው ስለሚያፈስ ደብተሮቹ የኔ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር።

ከሄድንባቸው ቦታዎች ሁሉ የማልረሳው አርጆ ነው። የባላምባራስ ጉደታ ቤት። ባላምባራስ የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከበር ጀምረው አንጮቴ በሚሉት የወለጋ ሥራ ሥርና በቅቤ ተቀበሉን። ተበልቶ እጅ ታጥቦ ሲያበቃ ተነሥተው ቆመው ቆጠሩ፦ ዲንሳ፣ ፉፋ፣ ሶርሳ፣ ገመዳ፣ ቶላ፣ ቡልቻ፣ ዋዮ። ሰባተኛው አያታቸው ዋዮ ጎሽ በጦር የገደለ ጀግና እንደነበረ፣ ጎሹ የወደቀበትን ወንዝ፣ የቀንዱን ርዝመት ሳይቀር ተረኩልን።

ኦቦ ዋቅጋሪ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ጎሹን ማን አየው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ። ጥግ ላይ ቡልኮ ለብሰው የተቀመጡት አሮጊት ግን ፍርፍር ብለው ሳቁ። አኮ ቀነኒ ናቸው፤ የባላምባራስ አባት እህት፣ የቤቱ ትልቅ። አኮ ማለት አያት ነው፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ይላቸዋል። «እኔ ከአባቴ አፍ የሰማሁት እስከ ቶላ ነው» አሉ። «ቡልቻና ዋዮ የመጡት ጉደታ ባላምባራስ ከተባለ ወዲህ ነው።» ሌሎቹም ሽማግሌዎች ሲጠየቁ እስከ ቶላ መሰከሩ፤ ከዚያ በላይ ጣራ ጣራ አዩ። አምስቱ በቀለም፣ ሁለቱ በእርሳስ ተጻፉ። ባላምባራስ ሲሸኙን ከበሩ አላለፉም።

ለካ ያንለት ከባላምባራስ የወንድም ልጅ፣ ከታደሰ ጋር አብረን ነበር የበላነው። ታደሰ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ አባቱ ሞቶበት አጎቱ ናቸው ያሳደጉት። ነቀምት ተዛውሮ ሲመጣ የኦቦ ዋቅጋሪን አንድ ልጅ፣ ኤቢሴን አያት፣ እሷም አየችው። እኔ ኤቢሴን አስተምሬያታለሁ፤ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ገበያ መሐል ብቻዋን ስትስቅ ሳያት ነገሩ ገባኝ። ሁለቱም ቆርጠዋል። ቢሆንም ያለ ባላምባራስ ሽማግሌ አይላክም፣ ያለ ሽማግሌ ደግሞ ኦቦ ዋቅጋሪ ልጃቸውን አይሰጡም።

ባላምባራስ ሽማግሌ ይዘው እንደሚመጡ ላኩ፤ ሰባት ቤት ቆጥረው እንዲጠብቋቸውም ጨምረው ላኩ። ይህ በኛም በእነሱም ያለ ሕግ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይቆጠራል። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ያገሩን ሰው አያት ሁሉ በደብተር የያዙ ሰው የራሳቸውን ያጣሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሾላው ሥር ሄጄ «እንግዲህ ይቁጠሩልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ብዕራቸውን ክዳኑን ገጠሙበት። «ባርሲፍቱ፣ የኔ አንድ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው ጃለታ በክፉ ቀን፣ በዚያ ታላቅ ረሃብ ጊዜ፣ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ሆኖ፣ ብቻውን የነቀምት ገበያ ውስጥ የተገኘ ነው። ስሙን ብቻ ያውቃል። አንዲት ጨው ሻጭ ወስዳ አሳደገችው። አድጎ ጎረምሶች ሜዳ ላይ ትውልድ ሲቆጥሩ ተራው እንዳይደርሰው ከብት ሊመልስ ይሮጥ ነበር። «አባቴ ሸምግሎም ይሮጥ ነበር» አሉኝ ኦቦ ዋቅጋሪ። «ለቅሶ ቤት ቆጠራ ሲጀመር ተነሥቶ ይወጣል። እኔ እንዲህ አልኩ፤ እኔ የማልቆጥረውን ላገኘው አልችልም፣ ሌላው የሚቆጥረው ግን እንዳይጠፋበት ላግዘው።» ይህን ያህል ዓመት ስንሠራ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም፣ ባለጉዳይ መጥቶ ነበርና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን የባላምባራስ አሽከር ትምህርት ቤት ድረስ መጣብኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ቡልቻና ዋዮ በቀለም ከተጻፉ ባላምባራስ ቆጠራ አይጠይቁም፤ ሽማግሌው መጥቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ይመለሳል።

እንግዲህ ሁለት ስም ነው። ደብተሩ ደግሞ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እውነቱን ልናገር፦ ብዙም አላሰብኩም። ኤቢሴ በዋዜማው መጥታ «አባዬ ዕንቅልፍ አጥቷል» ብላኝ ነበር። እሑድ ጧት፣ ኦቦ ዋቅጋሪ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ የአርጆን ደብተር አወጣሁና ቡልቻን በቀለም አደመቅሁት። ሳምኩት ማለት ይቻላል፣ እንዲያ ነው ያሳመርኩት። ዋዮን ጀምሬ «ዋ» ላይ ስደርስ በሩ ላይ የኦቦ ዋቅጋሪ ጥላ ወደቀ።

አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ደብተሩን አዩት። ቀጥሎ ከኮታቸው ኪስ ምላጭ አወጡ፤ ያኔ የቀለም ስሕተት የሚፋቀው በምላጭ ነው። በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ አንቺ ፋቂው» አሉኝ።

የአሽከሩን መልእክት ነገርኳቸውና «ኦቦ፣ ኤቢሴስ?» አልኩ።

«ኤቢሴ በውሸት ቀለም ከተዳረች የማን ልጅ ናት ልበል? ኡኬ ድረስ ሄጄ ሰውየውን አባትህ እርሳስ ነው ያልኩትስ በምን አፌ ነው?» አሉ። ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገውም፣ «ቀስ ብለሽ፣ ወረቀቱ እንዳይበሳ። ሰውየው ኖሮም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የባላምባራስን ስድስተኛ አያት ፋቅሁት፤ «ዋ»ንም አስከተልኩ። ከዚያ በእርሳስ መልሰው ጻፉት።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባላምባራስ ከአርጆ አራት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አኮ ቀነኒም «ሳልሞት የሚያመልጠኝ ሰርግ የለም» ብለው ከመኪናው ሹፌር ጎን ተቀምጠው መጥተዋል። የኦቦ ዋቅጋሪ ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ምሳ ተበላ። እኔና ኤቢሴ የጓዳውን በር ገርበብ አድርገን ቆመናል፤ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች፤ እስካሁን ያመኛል።

ባላምባራስ «ያልኩት ነገር እንዴት ሆነ?» አሉ።

«እርሳስ ናቸው» አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ።

«እንግዲያው የአንተን ቁጠር።»

ኦቦ ዋቅጋሪ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ አዲስ ደብተር ገልጠው፣ ለባለጉዳይ እንደሚያነቡት ጮክ ብለው አነበቡ። «አመልካች፦ ዋቅጋሪ። የአመልካች አባት፦ ጃለታ፤ በክፉ ቀን የነቀምት ገበያ ውስጥ የተገኘ። ከዚህ በላይ ምስክር የለም።» አጥፈው ተቀመጡ።

ባላምባራስ ዱላቸውን አነሡ። «ሰባት አልኩ እንጂ አንድ አላልኩም። ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ጋር ደም አልቀላቅልም።» ሽማግሌዎቹም ለመነሣት ነጠላቸውን ሰበሰቡ። የአርጆው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ «ይክፈቱት፣ አምስት መሆናቸውን ያንብቡላቸው» እያልኩ በልቤ እጮኻለሁ። ኦቦ ዋቅጋሪ ትልቁን መዳፋቸውን ደብተሩ ላይ ጫኑ። አልከፈቱትም።

«ጉደታ፣ ታኢ» አሉ አኮ ቀነኒ። ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ባላምባራስ ተቀመጡ። አኮ ወደ ኦቦ ዋቅጋሪ ዞረው፣ «የኛ ስንት ነው በቀለም?» አሉ።

«አኮ፣ የሰው ፋይል በሰው ፊት አልከፍትም።»

«እኔ እከፍተዋለኋ» አሉና በጣታቸው ቆጠሩ፦ ዲንሳ፣ ፉፋ፣ ሶርሳ፣ ገመዳ፣ ቶላ። አምስተኛዋን ጣት ወደ ባላምባራስ ቀሰሩ። «ቶላን ማን ወለደው? ከሰማይ ነው የወረደ? የማንም ሰው ቆጠራ ጫፉ ላይ አባቱ የማይታወቅ አንድ ሰው ቆሟል። የኛው አምስት ላይ ቆሟል፣ የዚህ ሰው አንድ ላይ። ልዩነቱ አራት ሙታን ነው። ለአራት ሙታን ብለህ የወንድምህን ልጅ ታስለቅሳለህ?»

ባላምባራስ ግን ነገር የማያጡ ሰው ናቸው። «ያ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ የኛው ጎሳ ቢሆንስ? ታደሰን ከእህቱ ጋር ላጋባው ነው?» አሉ።

ይህ ሁሉንም አስደነገጠ፤ ልክ ነውና። መልሱ ከአኮ መጣ። «በክፉ ቀን እኔ አድጌያለሁ። ሞተብን እንጂ ወንድ ልጅ አልጠፋብንም። የሞቱትን ሁሉ መቃብራቸውን አውቃለሁ» አሉ።

ሁሉም ተነፈሰ። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ፊታቸውን ማፍታታት ሲጀምሩ፣ ኦቦ ዋቅጋሪ ብዕራቸውን አውጥተው ጻፉና ቀና አሉ።

«ይህ አንድ ምስክር ነው። ሁለት ይቀራል።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ልጃቸው በበር ቀዳዳ እያየች ነው። ኤቢሴ «አባዬ ሊገድለኝ ነው እንዴ» አለች። መጀመሪያ አንዱ ሽማግሌ ሳቁ፣ ሁለተኛው ሳቁ፣ አኮ ቡልኳቸውን አፋቸው ላይ ጎሰጎሱ። ባላምባራስም ላለመሳቅ ዱላቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በክፉ ቀን እረኛ የነበሩ ናቸው፤ እየተነሡ አንድ በአንድ መሰከሩ፦ ከጎሳችን የጠፋ ወንድ ልጅ የለም። ሦስት ሞላ። ኦቦ ዋቅጋሪ በቀለም ጻፉት፣ እፍ እፍ ብለው አደረቁት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንደ ማንም አባት እንባቸው ወረደ።

ሰርጉ ሦስት ቀን ተጨፈረ። አኮ ቀነኒ በዱላ ተደግፈው ጨፈሩ። እኔም ጨፈርኩ፤ የአርጆ ልጆች «እርሳሷ መምህርት» እያሉ ስም አወጡልኝ።

እነሆ አሁን ለለቅሶው ከጊምቢ ነቀምት ሄድኩ። ግቢው ሰው በሰው ላይ ነው። ከኡኬ መጥተዋል፣ ከአርጆ መጥተዋል፤ ያ ድንበር የተካፈለው ገበሬና ጎረቤቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኤቢሴ ሳመችኝና ምንም ሳትናገር ያንን ደብተር አመጣችልኝ። ገጹ እንዳለ ነው። አመልካች ዋቅጋሪ፣ አባቱ ጃለታ፣ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ከታች የእነ አኮ ሦስት ምስክርነት አለ፤ የቀረው ባዶ ነው።

ብዕሬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «ዋቅጋሪ ደግ ሰው ነበሩ። ምስክሮች፦ አንደኛ።» ከዚያ ቀና ብዬ ዘመድ ያልሆነ ሰው ፈለግሁ።

ባላምባራስ ጉደታ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ዱላቸውን እየጎተቱ መጥተው ደብተሩ ላይ አጎነበሱ። «መምህርት፣ ይህ እርሳስ አይደለም አይደል?» አሉኝ።

«ቀለም ነው፣ ባላምባራስ። ግን እርስዎ በጋብቻ ዘመድ ነዎት፤ ዘመድ አይመሰክርም።»

«ያኔ፣ ዘመድ ሳልሆን ያየሁትን ነው የምመሰክረው» አሉ። «ጻፊ። ጉደታ ዲንሳ፣ የአርጆ ሰው፣ አምስት ቤት የሚቆጥር።»

አምስት አሉ። እኔም አምስት ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል ከኋላቸው የኡኬው ገበሬ ቆሟል፣ ከሱ ኋላ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ወጥቷል። ሦስት ይበቃ ነበር። ገጹ ሲሞላ ገለበጥኩት፤ ደብተሩ ሲያልቅ ኤቢሴን ሌላ አምጪልኝ አልኳት።